የመሪጌታ እንዳላማው መስታወት

በቁይ ገበያ የተወራው እንዲህ ነው፤ መሪጌታ እንዳላማው ሊያገቡ ነው። ያውም ወጣት። ያውም ባለዲግሪ። ያውም፣ እዚህ ላይ ሲደርስ ወሬኛው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ግራ ቀኙን ያያል፣ የሐጂ ሙሐመድሳኒን ልጅ ሰልሰቢልን።

ማስረጃ የለም እንዳይባል ማስረጃው ሞልቶ ተርፏል። አረቄ ሻጯ የኔአለም ቤቷ ከሰልሰቢል ፋርማሲ ፊት ለፊት ነው። ያየችውን ሳትደብቅ ትናገራለች፤ ያላየችውንም እንደዚያው። መሪጌታ በየገበያው ቀን ታጥበው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው ይመጡና ከመድኃኒት መደርደሪያው ጀርባ ካለችው መጋረጃ ኋላ ይገባሉ። ልጅቱም ትከተላለች። ሲወጡ ፊታቸው ፈክቶ ነው። አንድ ቀን ቫዝሊን ይዘው ወጡ። ሌላ ቀን ከሐጂ ሱቅ ቀይ ጠርዝ ያለው የሴት መስታወት ገዙ።

"ሚስቱ ታየች ከሞተች ስንት ዘመኗ! እንግዲህ ቫዝሊንና መስታወት ለማን ነው?" አለች የኔአለም፣ መለኪያዎቿን እያለቀለቀች። "ለመቋሚያው?"

መሪጌታ የሚኖሩት ከቁይ ወደ ዲማ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በጽድ ማርያም ቅጥር አጠገብ ነው። የዚያ ሰፈር ሰው ደግሞ የራሱን አከለበት። ጀምበር ስታዘቀዝቅ መሪጌታ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ ብለው፣ አጎንብሰው፣ በዚያች ቀይ መስታወት አተኩረው ሲያዩ፣ አንዳንዴም "እሰይ! እሰይ!" ሲሉ በአጥር ቀዳዳ ታይተዋል። አንዱ ሊሰልሙ ነው አለ። ሌላው የለም፣ እሷ ልትጠመቅ ነው አለ። የኔአለም ማንንም ማስቀየም ስለማትወድ ሁለቱንም አጸደቀች።

"እሱ ሊሰልም ሲሄድ እሷ ልትጠመቅ ስትመጣ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ" አለች።

እውነቱ ግን ይኸውላችሁ። መሪጌታ በመስታወቷ የሚያዩት ፊታቸውን አልነበረም፤ ውስጥ እግራቸውን ነው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ መስታወቷን መሬት ላይ አጋድመው እግራቸውን ከላይዋ ያነሱና ተረከዛቸውን፣ የጣታቸውን መካከል፣ መርገጫቸውን አንድ በአንድ ይመረምራሉ። ያልተሰነጠቀ፣ ያልቀላ፣ ያልቆሰለ ሲሆን ነው "እሰይ" የሚሉት። ቫዝሊኑም ለተረከዝ ነው።

የዚህ እግር ነገር እንዲገባን ሰውየውን ማወቅ አለብን። መሪጌታ እንዳላማው የአቋቋም መምህር ናቸው። የገበሬ ሙያ በክንዱ ነው፣ የነጋዴ በምላሱ፣ የመሪጌታ በእግራቸው። ማሕሌት ቆመው፣ ጽናጽል እያንሿሹ፣ መቋሚያቸውን እያነሱ እየጣሉ፣ ሲፈልጉ ነፋስ እንዳገኘው ስንዴ ወዲህና ወዲያ እያሉ፣ ስንቱን ደብተራ አቁመውበታል። የጽድ ማርያም ቅኔ ማሕሌት ወለሉ ጥርብ ድንጋይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ያ ድንጋይ ከውርጭ አይሻልም። ሌላው ካህን አንዱን እግር አንስቶ በሌላው ላይ ሲያሻሽ፣ ሲንዘፈዘፍ፣ መሪጌታ ባዶ እግራቸውን እንደ ምሰሶ ተክለው ንቅንቅ አይሉም ነበር።

"በቅተዋል" አለ ሰው። "እግራቸው ብርድ አያውቅም፤ ጸጋ ነው።"

አንዳንድ እናት የረገጡትን አፈር ቆንጥራ ለልጇ ግንባር ትወስድ ጀመር። መሪጌታ "ኧረ ተዉ፣ ነውር ነው!" ይላሉ። ይላሉ እንጂ በጣም ጮክ ብለው አይደለም። በልባቸው፣ ማን ያውቃል፣ ምናልባት ጸጋ ይሆናል ሲሉ ከረሙ።

ስኳር እንዳለባቸው ከተነገራቸው ዓመታት አልፈዋል። ኪኒንም ተሰጥቷቸው ነበር። ሲያዞራቸው ይውጣሉ፤ ሲሻላቸው ደግሞ ጤነኛ ሰው መድኃኒት መዋጥ መድኃኒቱን መናቅ ነው ብለው ያቆማሉ። ጾም ሲገባማ ኪኒኑም አብሮ ይጾማል።

እንዲህ እያሉ ሳለ ነው ያ ወሬ ነሐሴ ላይ የመጣው። ይህኛው እንኳ እውነተኛ ወሬ ነው፤ የጽድ ማርያም ጽናጽል ተገኘች።

ጽድ ማርያም ከጥንት የወረሰቻት አንዲት የብር ጽናጽል ነበረቻት። መሪጌታ ወጣት ተማሪ ሳሉ መምህራቸው የኔታ የኋላሸት በበዓል ቀን በእጃቸው የሚይዙት እሷን ነበር። ከዚያ አንድ ክረምት ዕቃ ቤቱ ተሰብሮ ተገኘ፣ ጽናጽሏም የለችም። የኔታ የኋላሸት እስኪሞቱ ድረስ ሌላ ጽናጽል ሲሰጧቸው "ይቺ ትጮሃለች እንጂ አትናገርም" ይሉ ነበር። ዘንድሮ ባሕር ማዶ አንድ ሽማግሌ ሞተው፣ ልጆቻቸው የቤቱን ዕቃ ሲያነሱ አገኟት። እጀታዋ ላይ በግእዝ የተጻፈውን አስነብበው የማን እንደሆነች ባወቁ ጊዜ፣ ልትሸጥ አይገባም፣ ወደ ቤቷ ትመለስ አሉ። እግዜር ይስጣቸውና መለሷት። የኅዳር ጽዮን ዕለት ደብሯ እንድትገባ ተቆረጠ።

እሷ ስትንሿሿ ቆሞ ያዜመ፣ ድምጿን የሚያስታውስ፣ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ነው፤ መሪጌታ። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ዘመነ ቤታቸው ድረስ መጥቶ "መሪጌታ፣ ተቀብለው የሚያንሿሹት እርስዎ ነዎት" አላቸው። መሪጌታ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ያን ዕለት በሁለት እግራቸው ቆመው የየኔታን ጽናጽል መያዝ።

መስቀል ሊደርስ ሲል ለልጃቸው ለየብርጓል የራስ ምታት ኪኒን ሊገዙ ሰልሰቢል ፋርማሲ ገቡ። ሰልሰቢል ወለሉን ገና መወልወሏ ነው። መሪጌታ ከበሩ እስከ ባንኮኒው ተራመዱ፣ ሰላምታ ሰጡ፣ ስለ ሐጂ ጤና ጠየቁ። ልጅቱ ግን ዓይኗ መሬት ላይ ቀረ። እሳቸውም ዘወር አሉ። እርጥቡ ሲሚንቶ ላይ፣ አንድ እርምጃ እየዘለለ፣ የደም ዱካ።

"ውይ፣ ውይ፣ ውይ!" አሉ በሐዘኔታ። "ማነው ምስኪን የደማው?"

"እርስዎ ነዎት፣ መሪጌታ።"

"እኔ? እኔማ ደህና ነኝ።"

ከመጋረጃው ጀርባ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ኮንጎ ጫማቸውን ስትስበው አልወጣ አለ፤ ሚስማር ከጫማው ሶል ጋር ሰፍቷቸዋል። ነቅላ አጠበችው። መሪጌታ የሰው እግር እንደሚያይ ሰው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ይሄ?"

"እንጃ ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ጫማዋ ትንሽ ከብዳኝ ነበር።"

ሰልሰቢል ቁስሉን ሸፍና ከመሳቢያዋ እንደ ዓሣ አጥማጅ ክር ያለ ቀጭን ናይለን አወጣች። "አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑና እግርዎን ስነካዎ 'እህ' ይበሉኝ" አለቻቸው።

መሪጌታ ጨፈኑ። ውጭ ገበያው ይንጫጫል፣ አህያ ታናፋለች፣ የኔአለም አንዱን ደንበኛዋን ትሳደባለች። ጠበቁ። አንድ የጾመ ድጓ ምዕራፍ በልባቸው ጀመሩና እኩሌታው ላይ ደረሱ። አሁንም ጠበቁ።

"ጀምሪ እንጂ ልጄ፣ ገበያው ሊበተን ነው!"

"ጨርሻለሁ፣ መሪጌታ" አለች ሰልሰቢል ቀስ ብላ። "ሁለቱንም እግር።"

መሪጌታ ዓይናቸውን ገልጠው ክሯን አዩ፣ እግራቸውን አዩ። እንደ ሕፃን ድምፃቸው ቀጥኖ፣ "ብርዱስ?" አሉ።

"የምን ብርድ?"

"ቅኔ ማሕሌት ውስጥ። ሰው ሁሉ ሲንቀጠቀጥ እኔን አይበርደኝም። ያስ ምንድን ነው?"

ሰልሰቢልም የቁይ ልጅ ናት፤ ስለ መሪጌታ እግር የሚባለውን ታውቃለች። መልሱን ለማለስለስ ብትፈልግም የሚለሰልስ አልሆነላትም። "ስኳሩ ነው፣ መሪጌታ። ነርቩን አደንዝዞታል።"

"ጸጋ አይደለም?"

"ስለ ጸጋ እኔ አላውቅም። የማውቀው የእግርዎን ነው።"

መሪጌታ ክሯን ከእጇ ተቀብለው አገላበጧት። ኋላ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ልጅቱ አለቀሱ ብላ ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር። "እንግዲያው ከቅድስና ተሻርኩ በይኛ!" አሉ። "ያውም በአንዲት ክር!"

ሰልሰቢል ልካቸው ደብረ ማርቆስ ያያቸው ሐኪም ግን አላሳቃቸውም። ቁስሉን አጥቦ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ እቅጩን ነገራቸው። ወደ አጥንት ከዘለቀ እግሩ ይቆረጣል። እንዳይዘልቅ ስኳሩ መውረድ አለበት፣ እግሩም ክብደት እንዳይሸከም። መቆም የለም።

"ኅዳር ጽዮን የምቆመውስ?" አሉ መሪጌታ ቁይ ተመልሰው፣ ከመጋረጃው ጀርባ። "መቆም እኮ እንጀራዬ ነው። ሳልለማመድ እንዴት ነው ያን ቀን የምቆመው?"

ሰልሰቢል ቁስሉን እየጠረገች ነበር። "የዚያን ቀኑን መቆም ይቆጥቡት" አለች። "ከአሁኑ ቆመው አይጨርሱት።"

ይቺ ንግግር ሰማኒያ አሐዱ መጻሕፍት ያስተማሯቸውን ያህል ገባቻቸው። ቤታቸው ሲደርሱ ለየብርጓል ነገሯት፣ ለዘመነ ነገሩት፣ ለተማሪዎቻቸው ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ ያን እግር ትራስ ላይ ሰቅለው በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ያስተምሩ ጀመር። አንዳንዴ ዜማው ሲያይል ሳይታወቃቸው ብድግ ይላሉ። ያን ጊዜ የብርጓል ከጓዳ ትጮሃለች።

"አባዬ! ቁጭ!"

"ተቀምጫለሁ!"

"ድምፅዎ ከላይ ነው የሚመጣው፣ አባዬ!"

ኪኒኑንም ሰልሰቢል አስተካከለችው። ጠዋትና ማታ ይውጡ ብትል እንደሚረሱት ስላወቀች፣ አንዱን ከነግህ ጸሎት በኋላ ሲበሉ፣ አንዱን ከሠርክ በኋላ ሲበሉ አለቻቸው፤ ጸሎት መሪጌታ ረስተው አያውቁም። በየገበያው ቀን ጣታቸውን ወግታ ስኳራቸውን ትለካለች፣ ቁስሉን ትቀይራለች፣ መሃል ላይ ደግሞ ለየብርጓል ትደውላለች። ሐጂ ሙሐመድሳኒም ባለስኳር ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከመጋረጃው ጀርባ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጡና የፈተና ውጤት እንደወጣለት ተማሪ ቁጥር ይተያያሉ።

"ስንት አመጡ፣ መሪጌታ?"

"መቶ ሰማኒያ።"

"እኔ መቶ ሃምሳ።"

"ታዲያ በለጥኩዎ!"

"ኧረ ይሄ ያነሰ ነው የሚያልፈው!"

የኅዳሩ የነቢያት ጾም ከበዓሉ በፊት እንደሚገባ መሪጌታ ሲያነሱ፣ እንግዲህ ትከራከረኛለች ብለው ተዘጋጅተው ነበር። ልጅቱ ግን አልተከራከረችም። "የአባባን ኪኒን በረመዳን የማስተካክለው እኔ ነኝ" አለች። "እሳቸውም ጀምበር ካልጠለቀች የሚሉ ሰው ናቸው። የእርስዎንም ሰዓት አብረን እናስተካክላለን፤ ግን መጀመሪያ የነፍስ አባትዎን ይጠይቁልኝ። እሳቸው ያሉትን ይዘን እንሠራለን።" የነፍስ አባታቸው ቁስል ያለበት ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጹም፣ ከፍስክ መከልከሉ ይበቃዋል አሉ። መሪጌታን ቅር አላቸው፤ ተቀበሉ ግን።

ቁስሉ በጥቅምት መጨረሻ ገጠመ። የብርጓል በመስታወቷ አይታ እልል አለች፤ የጎረቤት ሰው ቀለበት የታሰረ መስሎት ለወሬ ሮጠ። ይሁንና ሌላ ጣጣ መጣ። ሰልሰቢል ከእንግዲህ ባዶ እግር የሚባል ነገር የለም አለች።

"ታዲያ ቤተ ክርስቲያን ጫማ አድርጌ ልግባልሽ?" አሉ መሪጌታ።

አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሐጂ ሱሪያቸውን ሰብሰብ አድርገው እግራቸውን ዘረጉ። ለስላሳ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የቆዳ ካልሲ አድርገዋል። "እኔ መስጊድ የምሰግደው በዚህ ነው። ኹፍ ይባላል።"

መሪጌታ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት። "የምን ቆዳ ነው?"

"የፍየል።"

"ቆዳስ አይሆንልኝም። ሙሴን አውልቅ ያስባለው ቆዳ ነው።" አሁንም ዳሰሱት። "አሰፋፉ ግን ደግ ነው። ያውልቁልኝማ፣ ልጄ ትየው።"

የብርጓል አየችው፣ በስንጥር ለካችው። ከዚያ ከሳጥን ሥር የእናቷን የታየችን ነጭ ባና አወጣች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ማንም ያልለበሰው ወፍራም የበግ ጸጉር ነው። ከጠርዙ ቆርጣ፣ ሶሉን ደርባ፣ ስፌቱን እንዳይቆረቁር በውጭ አድርጋ ሰፋችላቸው። ሲያደርጉት እግራቸው ሁለት ጠቦት መሰለ። ዘመነ አይቶ "ካልሲ ማን ይከለክላል፣ ግቡ" አለ። ወሬው የኔአለም ዘንድ ሲደርስ ግን መሪጌታ ኹፍ አደረጉ ተብሎ ነበር፤ እሷም እንግዲህ የቀረው ኒካሑ ብቻ ነው አለች።

ኅዳር ጽዮን በጠዋቱ የጽድ ማርያም ሜዳ በሰው ነጣ። ድንኳን ተተክሏል፣ መኪናዎች መጥተዋል። ሰልሰቢልና ሐጂ ከቅጥሩ በር ውጭ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆመዋል። መሪጌታ ከመግባታቸው በፊት ወደ እነሱ ሄዱ። ልጅቱ እዚያው የድንጋይ አጥሩ ላይ መሣሪያዋን ዘርግታ ጣታቸውን ወጋች፣ አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ከረሜላ በመዳፋቸው አስጨበጠቻቸው።

"እጅዎ ከተንቀጠቀጠ፣ ላብ ካሰመጠዎ ወዲያው ይጉረሱ።"

"በማሕሌቱ መሃል?"

"በማሕሌቱ መሃል። የነፍስ አባትዎ ፈቅደዋል፤ ሐጂ ምስክር ናቸው።"

"ምስክር ነኝ" አሉ ሐጂ።

ከባህል ቢሮ ጽናጽሏን ይዛ የመጣች ወጣት ሣጥኑን ድንኳኑ ሥር ከፈተች። ነጭ ጓንት አጥልቃለች። ጽናጽሏ በጥቁር ጨርቅ ላይ ተኝታለች፤ ብሯ ጠቁሯል፣ እጀታዋ ስንት እጅ ስለያዛት መሃሉ ሰርጉዷል። መሪጌታ ሊያነሷት እጃቸውን ሰደዱ።

"አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች ወጣቷ። "በባዶ እጅ አይነካም። ላብ ይጎዳዋል።"

መሪጌታ ጓንቷን አዩ። ቀጥሎ ወደ ገዛ እግራቸው፣ ወደ ባናው ካልሲ አዩ። "እኔም በባዶ እግርህ አትርገጥ ተብያለሁ" አሉ። "ሐኪማችን አንድ ሳትሆን አትቀርም።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ወጣቷም ስቃ ከቦርሳዋ ሌላ ጓንት አውጥታ ራሷ አጠለቀችላቸው። እንዲህ ሆኖ መሪጌታ እንዳላማው በነጭ ጓንትና በነጭ ካልሲ የየኔታ የኋላሸትን ጽናጽል አነሱ።

መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ አንሿሿት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። "እሷ ናት" አሉ ለማንም ሳይሆን። "ትናገራለች።"

ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ፊት፣ የድንጋዩ ንጣፍ ላይ ቆሙ። የቆጠቡትን ሁሉ አውጥተው ቆሙ። ድንጋዩ አይሰማቸውም፤ ጉልበታቸው ግን የት እንዳሉ ይነግራቸዋል። ወደ ግራ ሲሉ ካህናቱ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ፤ ጽናጽሏ ከላይ ትወርዳለች፣ ትመለሳለች፣ ብሯ በጠዋቱ ፀሐይ ብልጭ ትላለች። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ያ ሁሉ ሕዝብ ጽናጽሏን ሲያይ ሁለት ሴቶች ብቻ እግራቸውን ያያሉ፤ የብርጓል ከቅጥሩ ውስጥ፣ ሰልሰቢል ከበሩ ውጭ። ከረሜላው እስከ መጨረሻው ከነልባሱ ቀረ።

ሲያበቃ መሪጌታ በሩ ጋ ወጥተው ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። ከጋቢያቸው ሥር ያቺን ቀይ መስታወት አወጡና ለሰልሰቢል ሰጧት። ካልሲውን አወለቀች፣ መስታወቷን አስጠግታ አየች። የኔአለም በዓል ልታከብር መጥታ እላያቸው ላይ ቆማለች።

"ምንም የለም" አለች ሰልሰቢል። "ንጹሕ ነው።"

"እሰይ!" አሉ መሪጌታ።

የኔአለም መስታወቷን አየች፣ እግሩን አየች፣ ከንፈሯን መጠጠች። ኋላ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር ብላ "እኔስ ድሮም ብያችሁ ነበር፣ ነገሩ የእግር ነው" አለች።

መሪጌታ ወደ ድንኳኑ ተመልሰው ገቡ፤ ንግግሩ ቀጠለ። ዘመነ ደስታው አላስችለው ብሎ፣ ለጽናጽሏ የመስታወት ሣጥን መሠራቱን፣ ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ እንደሚሆን፣ ዳግመኛ ሌባ እንዳይነካት ከእንግዲህ ከሣጥኗ እንደማትወጣ ተናገረ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ ማይኩን ለመሪጌታ አቀበላቸው፣ ምስጋና እንዲያቀርቡ።

አቀረቡም። ባሕር ማዶ ያሉትን፣ ሳይሸጡ የመለሱትን ልጆች አመሰገኑ። ጓንት ያጠለቀችላቸውን ወጣት አመሰገኑ። የሟች ሚስታቸውን ባና አመሰገኑ፣ የቆረጠችውን ልጃቸውንም። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ሰልሰቢልን በስሟ ጠሩ፤ ሐጂን የኹፉ ባለቤት ብለው ጠሩ፤ ሕዝቡ ዘወር ብሎ ሲያይ ልጅቱ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። ሲጨርሱ ማይኩን ለዘመነ ሊመልሱ ዘረጉና መልሰው ወደ አፋቸው አስጠጉት። ድንኳኑም፣ ሰበካ ጉባኤውም፣ ባለ ሦስቱ ቁልፎችም እየሰሙ ያን ጊዜ ነው አንዲት ጥያቄ ጣል ያደረጉት።

"ይቺ ልጅ እኔን ቁጭ ያደረገችኝ መልሳ ልታቆመኝ ነበር። እናንተስ ጽናጽሏን አሁን ቁጭ የምታደርጓት፣ መቼ ልታነሷት ነው?"